መሬት ያጣ እጅ፦ በጉልምስና ቀጥቃጭ መሆን ከጋፋት እስከ ገላን

ብረት መቀጥቀጥን በጉልምስና ወይም በጡረታ ዘመን መጀመር በሌላው ዓለም ብርቅ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተው የአርቲስት ቀጥቃጮች ማኅበር ሙያውን ከአባታቸው ያልወረሱ ሰዎችን በብዛት ሰብስቧል። በአገራችን ግን ቀጥቃጭነት ለዘመናት በልደት ሲተላለፍ የኖረ ሙያ ነው፤ ከውጭ የሚገባበት እምብዛም የለም፣ ከውስጥ የሚወጣውም ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ጎልማሳ ወናፍ አጠገብ ቁጭ ብሎ «አስተምረኝ» ቢል ጥያቄው ከእንጀራ ፍለጋ ያልፋል። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ቀጥቃጩን ያስናቀው ብረቱ ሳይሆን መሬት አልባነቱ ነው የሚል ነው። መሬት በሚያጡ ገበሬዎች መካከል ባለችው ገላን ይህ መከራከሪያ ዛሬም ይፈተናል።

ስለ ቀጥቃጮች የተደረጉ ጥናቶች በአብዛኛው ያተኮሩት በንቀቱ ላይ ነው። ሮናልድ ሬሚኒክ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ በአማራው ዘንድ ያለውን የቡዳ እምነት በባለ ርስቱና በባለ እጁ መካከል ካለው ግንኙነት ጋር አያይዞ ተንትኗል። ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2001 ያሰናዱት ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ ባለ እጆችና አዳኞች የሚያወሳ መድበልም መገለሉ በጋብቻ፣ በማዕድና በመሬት ላይ እንዴት እንደሚገለጥ በዝርዝር ያሳያል። ሁለቱም ሥራዎች የመገለሉን አጥር በደንብ ስለውታል። አጥሩ በምን ምክንያት እንደቆመ የሚጠቁመው ግን ጄምስ ኩዊሪን ስለ ቤተ እስራኤል የጻፈው ታሪክ ነው። በእሱ ትንታኔ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ የርስት መብቱን እያጣ ሲሄድ ወደ ቀጥቃጭነት፣ ወደ ሸማኔነትና ወደ ሸክላ ሥራ አዘነበለ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፦ መጀመሪያ መሬቱ ሄደ፣ ቀጥሎ ሙያው መጣ፣ ንቀቱም ተከተለ። አንድ ማኅበረሰብ ሙሉ በሙሉ ዘግይቶ ወደ ወናፍ ከቀረበ፣ ቀጥቃጭነት በደም የሚወረስ ነው የሚለው እምነት ከታሪኩ ጋር ይጋጫል።

የጋፋት ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ ባለችው ጋፋት ሚሲዮናዊውን ቴዎፍሎስ ዋልድማየርንና ጓደኞቹን መድፍ እንዲሠሩ ባዘዙ ጊዜ፣ ሚሲዮናውያኑ የእጅ ሙያ ቢኖራቸውም መድፍ ማቅለጥ የመጡበት ሥራ አልነበረም። እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸው ተማሩት፤ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም በ1860 ዓ.ም. መቅደላ አፋፍ ላይ ወጣ። በጎልማሳ ዕድሜ ከብረት ጋር መተዋወቅ በቤተ መንግሥት ትእዛዝ ሲሆን ክብር ነበረው፤ በገበሬው ደጅ ማረሻ የሚያሾለው ሰው ግን ያን ክብር አላገኘም።

መንግሥታት ችግሩን ለመንካት ሞክረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። አዋጁ ስድቡን ነቀፈ፤ ቀጥቃጩ መሬት እንዲያገኝ ግን አላደረገም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በበኩሉ በእጁ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ደነገገ። በዚህም ቀጥቃጩ ገበሬ መሆን የሚችልበት በር ተከፈተ። ገበሬው ቀጥቃጭ የሚሆንበትን በር ግን ማንም አላሰበበትም።

ገላን ላይ የሚያስፈልገው ይህ ሁለተኛው በር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው፣ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ሸገር ከተማ ሥር የተካተተችው ገላን የብረታ ብረት ፋብሪካዎች መንደር ናት። ጤፍና ስንዴ ይበቅልበት የነበረው መሬት ዛሬ በቆርቆሮ አጥር ተከቧል። የመሬቱን ካሳ ለተቀበለ የ50 ዓመት ገበሬ የሚቀርቡለት አማራጮች ጥበቃ፣ የቀን ሥራ ወይም አነስተኛ ንግድ ናቸው። ሆኖም ይህ ሰው ለቀጥቃጭነት ባዶ እጁን አይመጣም። ማረሻ ከየት በኩል ቶሎ እንደሚያልቅ፣ ማጭድ ምን ያህል መጉበጥ እንዳለበት፣ ዶማ በየትኛው አፈር እንደሚዶለዱም ያውቃል። ለዓመታት ደንበኛ ሆኖ ያካበተው እውቀት የሙያው ግማሽ ነው።

ሌላው ግማሽ እሳቱ ዘንድ ነው። የቀጥቃጭ ልጅ ከፍየል ቆዳ የተሰፋውን ጥንድ ወናፍ በማናፋት ይጀምራል፤ መዶሻ ከመጨበጡ በፊት ዓይኑ የጋለ ብረት ቀለም ይለያል። ጎልማሳው ጉልበት ቢኖረውም ያ ዓይን የለውም። ከቆራሌው የተገዛ የመኪና ባሌስትራ ካርቦኑ ከፍ ያለ ስለሆነ ግሎ ሲነከር ይጠነክራል፤ እንዲሁ ከተተወ ግን ድንጋይ ሲመታ ይሰበራል። ስለዚህ ጠርዙ በሞረድ ይጠራና እንደገና በቀስታ ይሞቃል። ቀለሙ ከገለባማ ቢጫ ወደ ቡናማ፣ ከዚያም ወደ ሰማያዊ ሲሄድ ለቢላ ቢጫው ላይ፣ መለጠጥ ለሚፈልግ ዕቃ ሰማያዊው ላይ ይቆማል። የግንባታ ፌሮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካርቦኑ ዝቅተኛ በመሆኑ ቢነከርም እንደ ባሌስትራ አይጠነክርም። ቀጥቃጩ ይህን ሁሉ የሚያስተምረው በጥላ ሥር ነው፤ ፀሐይ ላይ ቀለሙ አይታይምና። የሚያብራራውም ጥቂት ነው። ለጎልማሳው ከባዱ ትምህርት ምናልባት መዶሻው ሳይሆን፣ ሲንቀው ከኖረው ሰው እግር ሥር ቁጭ ብሎ ዝም ማለት ነው።

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ይህን ክፍተት ሞልተውታል የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ብየዳውና ሌዙ በእርግጥ ይሰጣል፤ ተመራቂውም ያለ ኀፍረት ሙያውን ይጠራል። ግን ክብሩ የተገኘው ከነባሩ ቀጥቃጭ በመራቅ ነው። ሙያው ንጹሕ የሚሆነው ባለቤቱን ሲለቅ ከሆነ ንቀቱ መልኩን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ከዚህም በላይ ባልየው ቀጥቃጭ፣ ሚስቲቱ ሸክላ ሠሪ ሆነው ያቆሙት የቤተሰብ ኢኮኖሚ አለ፤ ሙያውን ብቻ ነጥሎ መውሰድ እነሱን ያለ ገበያ ያስቀራል።

ስለሆነም ሚዛኑ ግልጽ ነው። ጎልማሳው ገበሬ ወደ ወናፍ መቅረቡ በጎ የሚሆነው ነባሩ ቀጥቃጭ መምህር ተብሎ ሲከፈለው ነው። የሙያ ብቃት ምዘና የሚሰጡ ተቋማት በልምድ የተገኘውን እውቀት መዝነው ለቀጥቃጩ የአሠልጣኝነት ማረጋገጫ ይስጡ፤ ለተፈናቃይ ገበሬዎች የሚመደበው የሥልጠና በጀትም በከፊል ወደ እሱ ደጅ ይሂድ። አዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል፤ ደመወዝ ያልተቆረጠለት ክብር ግን እስካሁን ማንንም ከንቀት አላወጣም።