የመነኵሴው መርማሪ ኅሊና የማን ዘመን ነው?

ስላለፈ ዘመን የሚሠሩ የቴሌቪዥን የወንጀል ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚነቀፉት በልብስና በዕቃ ስሕተት ነው። አዝራሩ በዚያ ጊዜ አልነበረም፤ ወንበሩ ኋላ የመጣ ነው ይባላል። እኛ ግን ይህን ለግምጃ ቤት ጠባቂዎች ትተን የባለታሪኩን ኅሊና ልንመረምር እንወዳለን። ለምሳሌ የመረጥነውም «ካድፋኤል» የተባለውን የእንግሊዝ ተከታታይ ፊልም ነው።

ይህ ሥራ፥ ኢዲት ፓርጅተር ኤሊስ ፒተርስ በሚል የብዕር ስም ከጻፈቻቸው መጻሕፍት ተወስዶ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1994 እስከ 1998 ዓ.ም. በ13 ክፍል ቀረበ። ታሪኩ የሚፈጸመው በ12ኛው መቶ ዓመት፥ ንጉሥ እስጢፋኖስና ማቲልዳ ስለ እንግሊዝ ዘውድ ሲዋጉ፥ በሽሩዝበሪ ገዳም ነው። (ፊልሙ በብዛት የተነሣው ግን በሀንጋሪ አገር ነው፤ በዚህ የሚቀየም ተመልካች ያለ አይመስለንም።) ካድፋኤል በመስቀል ጦርነት ዘምቶ የተመለሰ ወታደር ነው፤ መንኵሶ የመድኀኒት አትክልት ይጠብቃል፤ ሬሳ ሲያገኝም ቍስሉን ይመረምራል።

በብልኀቱ ቅሬታ የለንም። በምሥራቅ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ጥቂት ሕክምና ቢያውቅ አያስገርምም። ቅር የሚያሰኘን ሌላ ነው። ካድፋኤል ሹማምንቱን እንደ እኛ ይጠራጠራል፤ ወንድ መስላ የመጣች ስደተኛ ልጃገረድ በገዳሙ ውስጥ ሲሸሽግም እምብዛም አይጨነቅም። የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሥርዓት ግን ሳይዘገዩ መታዘዝን የትሕትና የመጀመሪያ ደረጃ ያደርገዋል። ይህን ሥርዓት በቃል የሚጠብቁት ሮበርትና ጀሮም፥ አንዱ ትዕቢተኛ፥ ሌላው ነገር አመላላሽ ሆነው ይታያሉ። እንግዲህ ደግነት ሁሉ ከእኛ ዘመን ተበድሮ ለጀግናው ተሰጠ፤ ለዘመኑ የቀረለት ጥፋቱ ብቻ ነው። ከልብ የሚታዘዝና ደግሞም ርኅሩኅ የሆነ መነኵሴ በዚያ ገዳም አልነበረምን? ተመልካቹ ራሱን በመስተዋት አይቶ ታሪክ ያየ ይመስለዋል፤ ሙታኑም በማያውቁት ሕግ ተከሰው ጠበቃ አጥተው ይቀራሉ።

ሆኖም «አንድ ሬሳ የበዛበት» ልንለው የምንችለው ክፍል ከዚህ ነቀፋ ያመልጣል። በ1138 ዓ.ም. ንጉሥ እስጢፋኖስ የሽሩዝበሪን ምሽግ ይዞ ጠባቂዎቹን ማሰቀሉ እውነተኛ ታሪክ ነው። በድርሰቱ የተሰቀሉት 94 ሲሆኑ ካድፋኤል 95 ሬሳ ይቈጥራል። ከብዙ ሕጋዊ ግድያ መካከል አንዱን ስውር ግድያ መፈለጉ ብቻውን ትልቅ አሳብ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን ፍጻሜው ነው። ማስረጃው ተሰብስቦ ሳለ፥ ነገሩ የሚቈረጠው በዳኛ ቃል ሳይሆን ከሳሹ ሂዩ ቤሪንጋርና ተከሳሹ በሰይፍ ተጋጥመው ነው። የካድፋኤል ምርመራ ሁሉ እዚህ ላይ ምንም ሊረዳው አይችልም፤ ቆሞ ማየትና መጸለይ ብቻ ይቀረዋል። ወዳጁ ቢሸነፍ እውነቱ ሐሰት ሊባል ነው፤ እርሱም ይህን ፍርድ ከእግዚአብሔር ነው ብሎ ሊቀበል ነው። እኛም በዚያች ሰዓት ከእርሱ ጋራ በ12ኛው መቶ ዓመት ውስጥ ቆምን። ይህ የሰይፍ ሙግት በእንግሊዝ ሕግ የተሻረው በ1819 ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ፥ ደራሲዋ እንግዳ ነገር ፈጥራ እንዳላስገባች እንረዳለን።