«ካርታ» ወይስ «ውክልና»? በአንድ የኮምፒዩተር ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

በቅርቡ ለአስተያየት በደረሰን አንድ የትርጉም ረቂቅ ውስጥ «ካርታ የተነሣለት የመረብ አንጻፊ» የሚል ስያሜ ሰፍሮ አገኘን። ሐረጉ የእንግሊዝኛውን ቃላት አንድ በአንድ ተከትሏል፤ ጽንሰ ሐሳቡን ግን አልያዘም።

ጽንሰ ሐሳቡ ይህ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ኮምፒዩተሮች በመረብ ተገናኝተዋል እንበል። የቤተሰቡ ፎቶግራፎች በአንደኛው ውስጥ በሚገኝ አቃፊ ተቀምጠዋል። በሁለተኛው የሚሠራ ሰው ያንን አቃፊ በየጊዜው በረጅም አድራሻው ከመፈለግ ይልቅ፣ በዊንዶውስ ሥርዓት «ዜድ»ን የመሰለ አንድ የላቲን ፊደል ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ አቃፊው የገዛ ኮምፒዩተሩ ክፍል መስሎ ይታየዋል። ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ስያሜው ሊገልጥ የሚገባውም ይህንኑ ነው።

«ካርታ ማንሣት» በአማርኛ የመሬትን መልክ በወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ካርታ ቢቀደድ መሬቱ አይነካም። በ«ዜድ» ሥር ያለ ፎቶግራፍ የሚሰርዝ ሰው ግን የሚሰርዘው ዋናውን ነው፤ ፋይሉም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሪሳይክል ቢን ስለማይገባ በቀላሉ አይመለስም። ረቂቁ ይባስ ብሎ ግንኙነት ማቋረጥን «አንጻፊውን ማጥፋት» ይለዋል። ግንኙነቱ ሲቋረጥ የሚነሣው ፊደሉ ብቻ ነው፤ ፎቶግራፎቹ ባሉበት ይኖራሉ። እንግዲህ ተጠቃሚው በማያስፈራው ይፈራል፤ ሊፈራው በሚገባው ይደፍራል።

በእኛ አስተያየት «ውክልና» የተሻለ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ወኪል በተሰጠው ሥልጣን ልክ በወካዩ ስም የሚፈጽመው ውል ወካዩ ራሱ እንደ ፈጸመው ይቆጠራል። ውክልናው ቢሻር ደግሞ የወካዩ ንብረት አይጎድልም። ሁለቱም ጠባዮች በፊደሉ ላይ ይታያሉ፦ በእርሱ በኩል የተሠራው በዋናው ላይ ይጸናል፤ እርሱ ሲነሣ ዋናው አይጠፋም። ስለዚህ ፊደሉ «ወኪል ፊደል»፣ አቃፊው «በፊደል የተወከለ የመረብ አቃፊ»፣ ግንኙነት ማቋረጡም «ውክልና መሻር» ቢባል ይስማማል።

ቃሉ የፍርድ ቤት ጠረን አለው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ይሁን እንጂ ውክልና መስጠትና መቀበል ለብዙ ቤተሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። ሐረጉ ለጠባብ ስፍራ ቢረዝም «ውክል አቃፊ» ይበቃል። ተርጓሚው ግን አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ቃሉ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚል ሳይሆን ነገሩ ምን እንደሚሠራ ነው።