ቋንቋ ከመምረጣችሁ በፊት

ምዝገባ ሲቃረብ ቢሮዬ ተማሪ አይጠፋውም። ሁለተኛ የውጭ ቋንቋ መምረጥ አለባቸው፤ አብዛኞቹም ይዘው የሚመጡት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «መምህር፣ የትኛው ይቀላል? የትኛውስ ያዋጣል?» የማስተምረው አረብኛ ስለሆነ ወደ ራሴ ክፍል ልጎትታቸው የምፈልግ የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቃቸው ሌላ ነገር ነው። ቤት ውስጥ ምን ምን ትናገራላችሁ?

ጥያቄው ግር ይላቸዋል። ቋንቋ ሲባል ትዝ የሚላቸው ውጤት የተሰጠበት እንግሊዝኛ ነው። ከአያት ጋር ሲያድጉ የለመዱትን ሀዲይኛ፣ ከሰፈር ልጆች የቀሰሙትን አፋን ኦሮሞ፣ እናት ስትቆጣ የምትናገረውን ትግርኛ ከቁጥር አያስገቡትም። ለእኔ ምርጫው የሚጀምረው ግን ከዚያ ነው።

ብዙዎቹ ስልካቸው ላይ አንድ ሠንጠረዥ አይተው ይመጣሉ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም ያወጣው ነው። ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት ይፈልጋሉ፤ አረብኛ፣ ቻይንኛ፣ ጃፓንኛና ኮሪያኛ 2200 ሰዓት ይፈልጋሉ ይላል። ሠንጠረዡ የተሠራው በልምድ ስለሆነ አላጣጥለውም። የተለካው ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሰው የሚወስድበት ጊዜ ነው። እዚያው ሠንጠረዥ ላይ የእኛ አማርኛ 1100 ሰዓት ከሚፈጁት ከባድ ቋንቋዎች ጎራ ተመድቧል። ይህን ሳሳያቸው ነገሩ ይገባቸዋል። ለዋሽንግተን ሰው ሩቅ የሆነ ቋንቋ ለደሴ ልጅ ጎረቤት ሊሆን ይችላል።

አረብኛን እንውሰድ። እንግሊዝኛ ተናጋሪውን መጀመሪያ የሚያስደነግጠው የግሱ አሠራር ነው፤ ሦስት ተነባቢ ይዞ በመካከላቸው አናባቢ እየቀያየሩ፣ ፊትና ኋላ እየጨመሩ ሌላ ግስ ማውጣት። ለእኛ ይህ የዕለት ተዕለት ንግግራችን ነው፤ ሰበረ፣ ተሰበረ፣ ሰባበረ እንላለን። አረብኛው «ከሰረ» ሲል ሰበረ ማለቱ ነው፤ «ኢንከሰረ» ሲል ተሰበረ፤ መካከለኛዋን ፊደል አጥብቆ ሲናገራት ደግሞ ሰባበረ ይሆናል። መጥበቅና መላላትን ለእኛ ተማሪ ማስረዳት አያስፈልግም። ገና ያልመጣ እንግዳና የገና በዓል በጽሑፍ አንድ ሆነው ሲነበቡ እንደሚለያዩ ያውቃል፤ ፊደሉ ባያሳየውም ጆሮው ይሰማዋል። ይኸው ጆሮ ጣሊያንኛ ላይም ይጠቅመዋል፤ «ፓላ» ላልቶ ሲነበብ አካፋ፣ ጠብቆ ሲነበብ ኳስ ነው። ሴትና ወንድን «ትጽፊያለሽ»፣ «ትጽፋለህ» ብሎ ለይቶ ማናገርም እንዲሁ ነው። አረብኛ ይህን ሲጠይቀው አዲስ ነገር አልመጣበትም።

ከዚህ በላይ የሚያስደስተኝ የጃፓንኛ፣ የኮሪያኛና የቱርክኛ ነገር ነው። እነዚህ ቋንቋዎች ከእኛ ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም፤ ግሳቸውን ግን እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ያደርጋሉ። «ልጁ ትናንት የገዛው መጽሐፍ» ብላችሁ ቃል በቃል፣ በዚያው ቅደም ተከተል ብትሄዱ ኮሪያኛውንም ቱርክኛውንም ታገኙታላችሁ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሐሳቡን ከጭራው ጀምሮ መገልበጥ አለበት። የኮሪያ ድራማ እያየች ያደገች ተማሪ «ከባድ ነው ይላሉ» ብላ ስትሸማቀቅ ይህን ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ አስጽፋታለሁ።

ይህ ሲባል ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነው ማለቴ አይደለም። አማርኛ ብቻ ተናግሮ ያደገ ልጅ አረብኛ ክፍል የሚቸገርበትን ቦታ ከወዲሁ አውቀዋለሁ። የአረብኛን ወፍራም «ጣ» እና «ሷድ» የራሱ «ጠ» እና «ጸ» ይመስሉታል፤ ድምፁን ከጉሮሮው አፈንድቶ ያወጣዋል፤ አረቡ ግን ምላሱን ወደ ኋላ አድርጎ ነው የሚያደነድነው። ሐመሩን ሐና ዐይኑን ዐ ሲጽፋቸው ኖሯል፤ ድምፃቸው ግን ከአማርኛው ጠፍቷል፤ ከሀሌታው ሀና ከአልፋው አ ጋር አንድ አድርጎ ያነባቸዋል። እዚህ ላይ ትግርኛ የሚናገረው ቀድሞ ይሄዳል፤ ሁለቱም ድምፆች አፉ ውስጥ አሉ። አናባቢ ማርዘምና ማሳጠር ላይ ስንደርስ ደግሞ ኦሮምኛ ተናጋሪዋ ታልፋቸዋለች። ቁርአን ቤት የተማረው ልጅ ጽሕፈቱን በመጀመሪያው ቀን ያነበንበዋል፤ ያነበበውን መረዳት ግን እንደሌሎቹ ከዜሮ ይጀምራል፤ ይህን አስቀድሜ ካልነገርኩት በሁለተኛው ወር ተስፋ ይቆርጣል።

ቻይንኛ ስለሚያስቡት ሲነሳ ሁልጊዜ የምናገረው የደቡብ ምዕራቡን ቤንችኛ ነው። የቃና ከፍታና ዝቅታ የቃል ትርጉም ይለውጥበታል፤ አምስት የቃና ደረጃዎች አሉት። የቤጂንጉ ቻይንኛ ያሉት አራት ቃናዎች ናቸው። ከሚዛን አካባቢ የመጣ፣ ቤንችኛ አፍ መፍቻው የሆነ ተማሪ ለቻይንኛ ከእኔ በብዙ የተሻለ ጆሮ አለው። ይህን ነግሮት የሚያውቅ ሰው ግን የለም።

«ያዋጣል?» ለሚለው ጥያቄ መልሴ አጭር ነው። የጅቡቲውን ባቡር መስመር የቻይና ኩባንያዎች ስለሠሩት፣ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃም እ.ኤ.አ. በ2012 ከቻይና በስጦታ ስለመጣ ቻይንኛ ይፈለጋል። ኅብረቱ አረብኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ፖርቱጋልኛ፣ ስፓኒሽና ስዋሂሊ ስለሚሠራባቸው አስተርጓሚ ይፈለጋል። ከአራት ዓመት በኋላ የትኛው በር እንደሚከፈት ግን ማንም ቢምል አልሰማውም። ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ቋንቋ የትም እንደማያስቀጥር ብቻ አውቃለሁ።

ስለዚህም ሰዓት እናሰላለን። በሳምንት ሦስት የክፍል ሰዓት፣ በሴሚስተር 16 ሳምንት፣ ስምንት ሴሚስተር ሙሉ ቢማሩ 384 ሰዓት ነው። ይህ ለፈረንሳይኛ ከተባለው 600 እንኳ አይደርስም። የእኛ ተማሪ በአንዳንዱ ቋንቋ አጭር መንገድ አለው ብንል እንኳ ብዙው ሰዓት ከክፍል ውጭ መገኘት አለበት። ሁለተኛው ጥያቄዬ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ይህን ቋንቋ የት ትሰሙታላችሁ፣ ከማንስ ጋር? ፈረንሳይኛ ለሚመርጥ እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ያለው አሊያንስ የተባለው የቋንቋ ማዕከል አለ፤ ጀርመንኛ ለሚመርጥ የጎተ ተቋም አለ። አረብኛ ለሚመርጥስ?

አንዲት ተማሪዬ አንድ ጠዋት ክፍል ውስጥ «ምን ትፈልጊያለሽ?» የሚለውን በመጽሐፉ ዓይነት አረብኛ «ማዛ ቱሪዲን» ብዬ ስጽፍ በለሆሳስ «ሹ ብዲክ» አለች። የሰሙት ሳቁባት፤ እሷም አፈረች። ከየት እንደሰማችው ስጠይቃት አክስቷ ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ እንደተመለሰች፣ ከጓደኞቿ ጋር በስልክ ስታወራ እንደምትሰማት ነገረችኝ። «ግን የአክስቴ ትክክለኛ አረብኛ አይደለም» አለች። ሁለቱንም ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጻፍኳቸው። አንደኛው የጋዜጣና የዜና ቋንቋ ነው፤ ሁለተኛው የቤይሩት ሕዝብ ቤቱና ገበያው ውስጥ የሚናገረው። አረብኛ የሚማር ሰው ሁለቱም ያስፈልጉታል፤ አንደኛውን እኔ አስተምራለሁ፣ ሌላኛውን አክስት ታውቀዋለች።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ማታ ማታ የክፍሉን ምንባብ ለአክስቷ ማንበብ ጀመረች። አክስትየዋ የአረብኛ ፊደል አታነብም። «ይህ እንደ ቴሌቪዥን ዜና ነው» ትልና ሰው በአፉ እንዴት እንደሚለው ትነግራታለች፤ ልጅቷም ጽፋ ታመጣልኛለች። በዚህች ከተማ ከቤይሩት፣ ከጅዳ፣ ከዱባይ የተመለሱ ብዙ ሴቶች አሉ። አረብኛቸውን ያገኙት በሰው ማድ ቤት፣ በድካምና ብዙ ጊዜም በበደል መሐል ነው። ዕውቀት ነው ብሎ የሚጠይቃቸው ግን የለም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምትማር የእህታቸው ልጅ ደብተር ይዛ አጠገባቸው ስትቀመጥ ቢያንስ እዚያ ቤት ውስጥ ዕውቀትነቱ ይታያል። እኔም ተማሪዎቼ እንዲህ ከቤት ጽፈው ከሚያመጧቸው ወረቀቶች ብዙ ተምሬያለሁ፤ በተለይ የቤይሩቱና የጅዳው ጎን ለጎን ሲቀመጡ።

ለትምህርት ክፍላችን ደጋግሜ ያቀረብኩት አንድ ሐሳብ አለ። የምዝገባ ቅጹ የእንግሊዝኛ ውጤት ይጠይቃል። ከሥሩ ሁለት መስመር ይጨመርበት፦ «ቤት ውስጥ የምትናገራቸው ቋንቋዎች» እና «የምትመርጠውን ቋንቋ የሚናገር የቅርብ ሰው አለህ?» አማካሪው ቤንችኛ የሚለውን ሲያነብ ቻይንኛን፣ ትግርኛ የሚለውን ሲያነብ አረብኛን ያንሳለት፤ ተማሪው እምቢ ቢል መብቱ ነው። ቅጹ እንደገና የሚታተመው በክረምት ስለሆነ ደብዳቤዬን ዘንድሮም አስገብቻለሁ።