እንደበራ አምጡት

በዋሽንግተን ዙሪያ ላለ ሐበሻ ሹፌር በቤንዚንና በትልቅ ባትሪ የሚሄደው ፕሪየስ የእንጀራ መኪና ነው። ወደ እኔ ጋራዥ የሚመጡት አብዛኞቹ ከ2004 እስከ 2009 የተሠሩት የሁለተኛው ትውልድ ናቸው፤ ከ2010 እስከ 2015 የተሠሩት የሦስተኛው ትውልድም አይጠፉም። ሁሉም አርጅተዋል። ባለቤቶቻቸው ግን ዕዳው ተከፍሎ ያለቀ መኪና ስለሆነ አይለቋቸውም። እኔም አልፈርድባቸውም።

የሚያማርራቸው ዳሽቦርዱ ላይ የሚመላለሰው መብራት ነው። ይበራል፤ ሹፌሩ በርካሽ በገዛው ኮድ ማንበቢያ ያጠፋዋል፣ ወይም የትንሹን ባትሪ ገመድ ነቅሎ መልሶ ይሰካዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ይበራል፤ እሱም እንደገና ያጠፋዋል። በመጨረሻ ሰልችቶት ጋራዥ ሲመጣ መብራቱም ጠፍቷል፣ ማስረጃውም የለም። መኪናው ኮድ ሲመዘግብ በዚያች ቅጽበት ፍጥነቱ ስንት እንደነበር፣ ሞተሩ ምን ያህል እንደሞቀ፣ ምን ያህል ጭነት ላይ እንደነበር አብሮ ይይዛል። ኮዱን የሚያጠፋ ሰው ይህንንም ይደመስሰዋል። የጭስ ምርመራ ቀን ደርሶበት ያጠፋም አይጠቀምም፤ መኪናው የራሱን ፍተሻዎች እስኪጨርስ ድረስ መርማሪዎቹ ይመልሱታል። ስለዚህ ለሚደውልልኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ እንደበራ አምጡት።

ሲመጡ በመጀመሪያ የምጠይቃቸው ስለ ኮዱ አይደለም። መቼ ነው የሚበራው? ጠዋት ሲነሳ? ሲዘንብ? ዳገት ላይ? ኤርፖርት ተራ ጠብቀው ሲወጡ? አንዳንዱ ወሬ የማስረዝም ይመስለዋል። «ጋሼ፣ ማሽኑን ሰክተው አያዩትም እንዴ?» ይለኛል። አያለሁ። ማሽኑ ግን የሚነግረኝ የቱ ክፍል እንዳማረረ ነው፤ ምን እንዳስመረረው ፈልጎ ማግኘት የእኔ ፋንታ ነው። እንዲያውም በርቶ ከሚቀር መብራት ይልቅ እየጠፋ የሚመለሰውን እመርጣለሁ። ሰዓቱንና ሁኔታውን ይዞልኝ ይመጣልና።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ከበሩ፣ ማለትም ቀዩ ሦስት ማዕዘን፣ ኤቢኤሱ፣ ፍሬኑ፣ የመንሸራተቻ መቆጣጠሪያው፣ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ኋላ ነው። በሁለተኛው ትውልድ ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ያለው ከኋላ የዕቃ መጫኛው ቀኝ ጥግ ነው። ሌላ መኪና ባትሪው ሲደክም ሞቶሪኖው እያቃሰተ ያስታውቃል። ፕሪየስ ግን እንደ ሌላው መኪና ለብቻው የቆመ ሞቶሪኖም ዲናሞም የለውም፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ከትልቁ ባትሪ በሚመጣ ኃይል ነው። የትንሹ ሥራ ኮምፒውተሮቹን መቀስቀስና ትልቁን ባትሪ የሚያገናኙትን ሪሌዎች መዝጋት ነው። ለዚህ ብዙ ጉልበት ስለማያስፈልግ፣ ባትሪው እያጣጣረም መኪናው ይነሳል። የሚታወቀው ኮምፒውተሮቹ ተደናግረው ያገኙትን ሁሉ መክሰስ ሲጀምሩ ነው። አድሮ 12.6 ቮልት አካባቢ መሆን የሚገባው ባትሪ ወደ 12 ከወረደ፣ እሱን ሳልቀይር ሌላ ነገር አልነካም። ትልቁ ባትሪ ሊቀየርለት ቀጠሮ የተያዘለት መኪና በትንሹ ብቻ ሲድን አይቻለሁ።

ቀዩ ሦስት ማዕዘን ረጅም መንገድ ላይ ወይም በሙቀት ከበራና ኮዱ ፒ0ኤ93 ከሆነ ደግሞ ኮፈኑን እከፍታለሁ። የትልቁን ባትሪ ኃይል የሚለውጠው ኢንቨርተር ከሞተሩ የተለየ የራሱ ማቀዝቀዣ ውሃና የራሱ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አለው። ከሁለተኛው ትውልድ በብዙዎቹ ይህ ፓምፕ በ2012 በሪኮል ተጠርቷል፤ ያልተቀየረላቸው ግን ዛሬም ይመጣሉ። ምርመራው ቀላል ነው። መኪናው ሬዲ ላይ እያለ የውሃ ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍቶ በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ ማየት ነው። ውሃው እየተገላበጠ ከሆነ ፓምፑ ይሠራል። ፀጥ ብሎ ከተኛ ፓምፑ ቆሟል፣ ወይም ውሃው ውስጥ አየር ገብቷል።

ሦስተኛው ትውልድ የራሱ ጣጣ አለው። ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ይንቀጠቀጣል፣ ቼክ ኢንጅኑ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ይሄዳል። ሹፌሩ ካንዴላ ይቀይራል፣ ኮይል ይቀይራል፣ መንቀጥቀጡ ግን አይለቀውም። የሚንቀጠቀጠው አድሮ ሲነሳ ብቻ ከሆነና የራዲያተር ውሃው ቀስ እያለ የሚጎድል ከሆነ፣ የምጠረጥረው የቴስታታ ጋርኒሲዮኑን ነው። ማታ የውሃ መስመሩን በግፊት አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት ትንሿን ካሜራ በካንዴላው ቀዳዳ ሳስገባ አንዱ ፒስተን እርጥብ ሆኖ ይገኛል።

ትልቁ ባትሪ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይረዝማል። በሁለተኛው ትውልድ 28 ሞጁል አለው፤ እያንዳንዱ ስድስት ሴል፣ አንዱ ሴል 1.2 ቮልት፣ ድምሩ 201.6 ቮልት። ኮምፒውተሩ የሚለካቸው ሁለት ሁለቱን አጣምሮ በ14 ጥንድ ነው። ፒ0ኤ80 ማለት ባትሪው ይቀየር ማለት ነው፤ ሹፌሩም ኮዱን ሲያይ ተስፋ ይቆርጣል። እኔ ግን ባትሪው ላይ ጭነት አብዝቼ 14ቱ እንዴት እንደሚወርዱ ሳላይ አልፈርድም። አንዱ ጥንድ ከሌሎቹ ዘወትር በ1.2 ቮልት ያህል ዝቅ ካለ አንድ ሴል ሞቷል፣ ክርክር የለውም። ቁጥሩ አንዴ ወርዶ አንዴ ከሌሎቹ ጋር የሚተካከል ከሆነ ግን ጥርጣሬዬ ወደ ማገናኛዎቹ ይዞራል።

ለዚያ ባትሪውን መክፈት ግድ ነው። ብርቱካናማውን መንቀያ አውጥቼ፣ ኢንቨርተሩ ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪፈስ አሥር ደቂቃ እጠብቃለሁ። የጎማ ጓንቱንም አፉን ጠቅልዬ በአየር ነፍቼ፣ ቀዳዳ እንደሌለው ሳላይ አላጠልቅም። (ቪዲዮ አይቶ በባዶ እጁ ሊከፍት የተነሳ ልጅ አጋጥሞኛል፤ ተቆጥቼው መፍቻውን ከእጁ ቀማሁት።) ክዳኑ ሲነሳ ሞጁሎቹን የሚያገናኙት የመዳብ ቁራጮች ይታያሉ። ጤነኞቹ ቀላ ያሉ ናቸው፤ እርጥበት ያገኛቸው ጠቁረው በብሎኑ ዙሪያ አረንጓዴ ዱቄት አውጥተዋል። ከነሱ ጎን ያሉት ቀጫጭን መለኪያ ገመዶችም ጫፋቸው ተበልቶ ሊገኝ ይችላል። ማገናኛው ጸድቶ፣ ገመዱ ተቀይሮ መብራቱ በዚያው የቀረላቸው መኪኖች አሉ።

በበጋ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚበራውን ግን ሳልከፍተው እገምታለሁ። ባትሪው የሚተነፍሰው ተሳፋሪው የሚተነፍሰውን አየር ነው፤ አየር መሳቢያው አፍ ከኋላ ወንበር ጎን ነው። ተሳፋሪ ኮቱንና ቦርሳውን ይደግፍበታል፣ አቧራና ፀጉር ይገባበታል። ሹፌሩ ደግሞ ቤንዚን ለመቆጠብ በሐምሌ ሙቀት ኤሲውን አጥፍቶ ተራ ይጠብቃል። ማራገቢያውን ፈትቼ ሳወጣ ክንፎቹ በግራጫ ብናኝ ተደፍነው አገኛቸዋለሁ።

«የሞተችዋን አንዷን ሞጁል ብቻ ቀይርልኝ» የሚለኝ አይጠፋም። ቀን ከሌት ለሚሠራበት ሰው እምቢ እላለሁ፤ የቀሩት 27ቱ የሞተችዋ እኩዮች ናቸው፣ ተራ በተራ መልሰው እኔው ጋ ያመጡታል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ለሚመለሱ እናት ግን አቅሟ ከሌሎቹ ጋር የተመጣጠነ ያገለገለች ሞጁል እፈልግላቸዋለሁ፤ ዋስትና እንደማልሰጥባት ግን ደረሰኙ ላይ እጽፋለሁ። በሁለቱም በኩል ማራገቢያው ሳይታጠብ ክዳኑን አልገጥምም፤ የማጽዳቱን ዋጋ ለይተው የሚከራከሩኝ ካሉም በነፃ አጸዳዋለሁ።