ክብደት የሚሄድበት መንገድ

የዕድሜዬን እኩሌታ በአዲስ አበባ ጋራዦች፣ የቀረውን ደግሞ በደቡብ ካሊፎርኒያ በመካኒክነት ሥራ ያሳለፍሁ ሰው ስሆን፣ በእጄ ካለፉት መኪኖች ሁሉ ይልቅ ስለ መኪና ጠባይ አብልጣ ያስተማረችኝ፣ ርዝመቷ አንድ ክንድ የማይሞላ፣ ክብደቷም አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የሆነ፣ በባትሪ የምትሠራና በሬዲዮ የምትታዘዝ አንዲት ትንሽ የውድድር ባጊ ናት። ይህን ስል መጫወቻን ከእውነተኛው ዕቃ አስበልጬ የተናገርሁ እንዳይመስለው አንባቢዬን እለምናለሁ። ትልቁ መኪና ሥራውን የሚሠራው በብዙ ብረትና በብዙ ላስቲክ ስለሆነ የመካኒኩን ጥፋት ብዙ ጊዜ ይሸፍንለታል፤ ትንሿ ግን የእውነተኛው መኪና ዐሥረኛ እጅ ሆና፣ ጉብታና መዝለያ በበዛበት የሸክላ አፈር መሮጫ ላይ አምስት ደቂቃ ሙሉ ስትሮጥ፣ የአንድ ሚሊሜትር ስሕተት እንኳ ሳትሰውር በሰው ሁሉ ፊት ትናዘዛለች።

የዚህ ጥበብ ጥንተ ነገር ሩቅ አይደለም። በጃፓን አገር በሺዙኦካ ከተማ የሚገኘው ታሚያ የተባለው የሞዴል ሠሪ ድርጅት በ1979 እ.ኤ.አ. ሳንድ ስኮርቸርንና ራፍ ራይደርን ባወጣ ጊዜ፣ በአሸዋና በወጣ ገባ መሬት ላይ እንዲሮጡ የታሰቡ ትንንሽ መኪኖች በብዙ ወጣቶች እጅ ገቡ። ሆኖም ዛሬ የምንከተለውን ሥርዓት የተከለው፣ ቲም አሶሲዬትድ የተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት በ1984 ያወጣው፣ ሮጀር ከርቲስ የነደፈው፣ የወርቅ መልክ ያለው የአሉሚኒየም ሻንሲና በዘይት የተሞሉ ሾኮች የነበሩት አርሲ 10 ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም፤ በሚቀጥለው ዓመት እዚሁ ካሊፎርኒያ በዴል ማር በተደረገው የዓለም ሻምፒዮናም ጄይ ሃልሲ በኋላ ጎማ ብቻ በሚነዱት ክፍል ያሸነፈው በዚሁ መኪና ነበር።

የሥራው ምሥጢር ግን ሁሉም በአንድ ነገር ይጠቀለላል ብዬ አምናለሁ። መኪና ሲሮጥ የክብደቱ ልክ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ክብደቱ የሚያርፍበት ጎማ ነው። ኃይል ሲሰጡት ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ፍሬን ሲይዙት ወደ ፊት ይወርዳል፣ ሲታጠፍ ወደ ውጭው ወገን ይሻገራል፤ ጎማም መሬትን የሚጨብጠው ከላዩ ባረፈው ክብደት መጠን ስለሆነ፣ የምናጠብቀውና የምናላላው፣ የምናስረዝመውና የምናሳጥረው ማናቸውም ነገር፣ ሞላም ይሁን ዘይት፣ ጎማውን የሚይዘው ክንድ ርዝመትም ይሁን የጎማ ዘንበል፣ ክብደት ወዴት ይሄዳል፣ መቼስ ይደርሳል ለሚለው ለአንዱ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው።

ይህንንም የሞተሩ ቦታ ታሪክ ያስረዳል። በቀደመው ዘመን መሮጫው ልል አፈርና አቧራ ስለ ነበረ፣ በኋላ ጎማ የሚነዳው ባጊ ሞተሩን ከኋለኛው አክስል በስተኋላ ተሸክሞ ይሄድ ነበር፤ ይህም የሞተሩ ክብደት ነጂዎቹን ጎማዎች ወደ መሬት እንዲጫንላቸው ነው። ቆይቶ መሮጫዎች በውሃና በጎማ ብዛት እየጠነከሩና እየጠቆሩ ሲሄዱ፣ ሌሎቹም በሰው ሠራሽ ሣርና በምንጣፍ ሲለበሱ፣ ቀድሞ በረከት የነበረው ያው ክብደት የፊቱን ጎማ አቅልሎ መሪ የማይሰማ መኪና አደረገው፤ ስለዚህም በ2010ዎቹ ሞተሩ ከአክስሉ ፊት ወደ መካከል ተዛወረ። የውድድሩ ደንብ በሁለት ጎማ የሚነዳው ከ1474 ግራም፣ በአራቱም የሚነዳው ከ1588 ግራም እንዳያንስ ያዝዛል፤ የዛሬው ባትሪ ቀላል በመሆኑም ብዙ ተወዳዳሪ ሚዛኑን የሚሞላው የናስ ቁራጭ በሻንሲው ላይ በማሰር ነው። ያን ናስ ከፊት ወይስ ከኋላ ላስቀምጠው በሚለው አሳብ ብቻ አንድ ሌሊት ሙሉ ያለ እንቅልፍ ያደርሁበት ጊዜ አለ።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የአገራችን ልጅ፣ ከፊት እስከ ኋላ ሰማያዊ አሉሚኒየም የለበሰች ባጊ ይዞ በመሮጫው ሜዳ ወደ ሥራ ጠረጴዛዬ መጣና፣ «ጋሼ፣ ያጠራቀምሁትን ሁሉ አውጥቼባት ከሌሎቹ እኩል የማትሄደው ስለ ምንድን ነው? እስቲ ይዩልኝ» አለኝ። ክንዶቿም፣ የሾክ መያዣዎቿም፣ የመሪ ዘንጎቿም ተለውጠው ያብረቀርቃሉ። ነገር ግን የፊት ቀኝ ጎማዋን በጣቴ ባሽከረክረው ሁለት ዙር ሳይሞላ ቆመ፤ ሾኳን ፈትቼ የኋላ ግራ ክንዷን ወደ ላይ ባነሣውም በገዛ ክብደቱ መውረድ አቅቶት በአየር ላይ ቀረ። ጎማውን ስናወልቀው በኩሽኔታ ፈንታ ፋብሪካው ያስገባው የፕላስቲክ ቀለበት በአቧራ ታንቆ አገኘነው፤ ክንዱም ቀዳዳው ስለ ጠበበ ዘንጉን ነክሶ ይዞት ኖሯል።

«ልጄ» አልሁት፣ «መጀመሪያ ያለህን ነጻ አውጣው፤ አዲስ ነገር መጨመር ከዚያ በኋላ ይመጣል።» ኩሽኔታ በየቦታው ማግባት ከወጪው ሁሉ ትንሹ፣ ከጥቅሙ ሁሉ ትልቁ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ገንዘቡን ለጎማ ያውጣ እላለሁ፤ ምክንያቱም መኪናይቱና መሬት የሚተዋወቁት በአራት ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ የላስቲኩ ልስላሴ፣ የጥርሱ ዐይነትና በውስጡ ያለው ስፖንጅ ለዚያ አፈር ካልተስማማ፣ ሌላው ድካም ሁሉ በአሸዋ ላይ እንደ ተሠራ ቤት ነው። ከዚያ ወዲያ መገጣጠሚያ ያለው የብረት ሴሚያስ፣ ከዚያም በዘይት የሚሠራ ደኅና ሾክ ይከተላል። ስለ አሉሚኒየሙ ክንድ ግን የልቤን ሳልሸሽግ ነገርሁት፤ የፕላስቲክ ክንድ አጥሩን ሲመታ ተጣጥፎ ይመለሳል፣ አሉሚኒየሙ ግን አንድ ጊዜ ከጎበጠ ጎብጦ ይቀራል፣ ባይጎብጥም ምቱን ወደ ውስጥ አሳልፎ ከእርሱ የሚበልጠውን ዕቃ ያሰብረዋል፤ በክብደቱም ላይ ክብደት ይጨምራል። ለዐይን ብቻ ያማረውን ዕቃ መግዛት አባቶቻችን ውዳሴ ከንቱ ከሚሉት ነገር የሚቈጠር ነው፤ ወጣቶቻችን ላባቸውን በዚህ ላይ ሲያፈስሱ ባየሁ ቁጥርም ከልቤ አዝናለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ልቡናዬ የሚማረክበት የሾክ ሥራ ነው። በጋራዥ ሳለሁ የመኪናን ሾክ የምንፈትነው መከላከያውን በሁለት እጃችን ወደ ታች ጫን አድርገን በመልቀቅ፣ ስንት ጊዜ እንደሚነጥር በመቍጠር ነበር፤ በትንሿም ላይ ይኸው ሥርዓት አይለወጥም። የሾኩን ሲሊንደር በሲሊኮን ዘይት ከሞሉ በኋላ ዘንጉን በጽሞና ወደ ላይና ወደ ታች እያመላለሱ የአየሩን አረፋ ማስወጣት፣ ከዚያም እጅን ሰብስቦ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል፤ በዘይቱ ውስጥ የቀረች አንዲት አረፋ ሾኩን አንድ ጊዜ ጠንካራ፣ አንድ ጊዜ ደካማ እያደረገች የነጂውን እምነት ታጠፋዋለችና። ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ የግራና የቀኙን ሾክ ጎን ለጎን ይዞ ዘንጎቻቸውን ባንድነት መጫን ነው፤ እኩል ካልተመለሱ ሥራው ገና አላለቀም።

የሾክ ጥበብ ግን በመሙላት አያበቃም። በዘይቱ ውስጥ የሚመላለሰው ፒስቶን ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ዘይቱም በእነዚህ ሾልኮ ያልፋል። መኪናይቱ በመታጠፊያ ላይ ስታጋድል ፒስቶኑ በዝግታ ስለሚሄድ ዘይቱ ያለ ጭንቅ ያልፋል፤ ከትልቅ መዝለያ ስታርፍ ግን በብርቱ ፍጥነት ስለሚወርድ፣ ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ ዘይቱ መውጫ አጥቶ ሾኩ ለቅጽበት እንደ ተቈለፈ ይሆናል። ይህ መቈለፍ ሆዷ መሬት እንዳይመታ ሲጠብቃት በጎ ነው፤ ነገር ግን በተከታታይ ትንንሽ ጉብታዎች ላይ ያው መቈለፍ ጎማዋን ከመሬት እያነሣ ያስጨፍራታል። ስለዚህ ቀጭን ዘይት ከጠባብ ቀዳዳ ጋር፣ ወይም ወፍራም ዘይት ከሰፊ ቀዳዳ ጋር ያቀናጀ ሰው፣ በጠረጴዛ ላይ በጣቱ ሲጫናቸው አንድ የሚመስሉ፣ በመሮጫው ላይ ግን እንደ ሰማይና ምድር የተራራቁ ሁለት መኪኖች ይሠራል። በዚህም ላይ ዘይቱ በማለዳ ብርድ ይወፍራል፣ በቀትር ሐሩር ይቀጥናል፤ ጠዋት በ350 ሴንቲስቶክ መልካም የነበረችው መኪና ከሰዓት በኋላ 400ውን ስትለምን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የመጻሕፍት ሊቃውንት አንዱን ኃይለ ቃል አንድም እያሉ በልዩ ልዩ ወገን እንደሚተረጕሙት፣ የመኪናም ጠባይ አንድምታ አለው። መኪናይቱ ወደ መታጠፊያ ስትገባ ኋላዋን ትጥላለች እንበል። ይህ አንድም የኋላው ጎማ ለዚያ አፈር ደርቆባት ነው፤ አንድም የኋላው ሞላ ስለ ጠነከረ ክብደቱ በውጭው ጎማ ላይ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ወድቆ ነው፤ አንድም ነጂው በእጁ የያዘውን የሬዲዮውን የኃይል ቃታ በድንገት ለቅቆ ክብደቱ ወደ ፊት ስለ ሸሸ ነው፤ አንድም የፊቱ ጎማ ከልክ በላይ ስለ ያዘ፣ ጥፋቱ ከፊት ሆኖ ምልክቱ ከኋላ ታይቶ ነው። ከእነዚህ የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው አንዱን ብቻ ለውጦ፣ ሌላውን ሁሉ እንደ ነበረ ትቶ፣ አምስት ዙር በመሄድ ነው። እኔ ይህን የተማርሁት በጉዳት ነው። ለአንድ የዓመት ውድድር ዋዜማ ሞላውንም፣ ዘይቱንም፣ የኋላ ጎማዎቹንም አቅጣጫ በአንድ ሌሊት ለወጥኋቸው፤ በማግስቱ መኪናይቱ የማላውቃት ሆነች፣ የትኛው ለውጥ እንዳበላሻትም የምጠይቀው አጣሁ። ወደ ቀድሞ ጠባይዋ ለመመለስ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእያንዳንዱን ለውጥ ቀን፣ የአፈሩን እርጥበትና የሰዓቱን ሙቀት የምጽፍበት ደብተር ከካቻቢቴዬ ጋር በአንድ ሣጥን ይኖራል፤ መንገዱ ሲጠፋኝም ከመኪናይቱ ጋር የመጣው መጽሐፍ ወደሚያዝዘው መነሻ፣ ይኸውም የሻንሲው ከፍታ 22 ሚሊሜትር ያህል፣ የጎማው ዘንበል አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ፣ የኋላ ጎማዎች ወደ ውስጥ መጥበብ ሦስት ዲግሪ ወደ ሆነበት እመለሳለሁ።

ስለ ሞተርና ስለ ማርሽ ብዙ ሰው ብዙ ይናገራል፤ እኔ ግን በአጭሩ አልፈዋለሁ። 72 ጥርስ ያለውን ትልቅ ማርሽ በ24 ጥርስ ትንሽ ማርሽ ብንነዳው፣ የካምቢዮውም የውስጥ ልክ 2.6 ቢሆን፣ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ 7.8 ጊዜ ዞሯል፤ በትንሹ ማርሽ ላይ አንድ ጥርስ ብቻ ብንጨምር ልኩ ወደ 7.49 ይወርዳል፤ ፍጥነት ይጨምራል፣ ሞተሩም ይግላል። ከውድድር እንደ ወጣ የሞተሩን ሙቀት የማይለካ ሰው ሞተሩን በገዛ እጁ ያቃጥላል። ባትሪውንም በሚመለከት፣ ሁለት የሊትየም ሴል ያለው የዛሬው ባትሪ በአንድ ሴል ከ4.2 ቮልት በላይ እንዳይሞላ፣ ሥራ ሲፈታም በ3.8 ቮልት ገደማ እንዲቀመጥ፣ ሲሞላም ያለ ጠባቂ እንዳይተው አጥብቄ አሳስባለሁ፤ እሳቱ በቀላሉ የሚጠፋ እሳት አይደለምና።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ባጊ በአየር ላይ ሳለችም ትታዘዛለች። ከመዝለያው ተነሥታ አራቱም ጎማዎቿ መሬት በለቀቁበት ቅጽበት ነጂው ቃታውን ቢስብ፣ ጎማዎቹ ፍጥነት ሲጨምሩ አካሏ በአንጻሩ ይዞርና አፍንጫዋ ወደ ላይ ይነሣል፤ ፍሬን ቢይዝ አፍንጫዋ ወደ ታች ያዘነብላል። መሬት በማትነካበት ጊዜ እንኳ የሚዞረው ጎማ አካሏን ሲያዝዘው ባየሁ ቁጥር፣ ይህን የሥነ ፍጥረት ሕግ ለሠራው አምላክ ምስጋና በልቤ ይሞላል።

ወጣቱ ኩሽኔታዎቹን አግብቶ፣ የክንዱን ቀዳዳ አስፍቶ፣ ጎማዎቹን ለውጦ በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰ። በዚያ ቀን ከምድቡ አራተኛ ሆነ። ከነጂዎች መቆሚያ ወርዶ፣ «ጋሼ፣ አሁንስ ምን ልቀይርላት?» ሲለኝ፣ የቀደመ ምድብ ተወዳዳሪ ለሚቀጥለው ምድብ በመሮጫው ውስጥ ቆሞ የተገለበጡትን መኪኖች ማንሣት ግዴታው መሆኑን አስታወስሁት፤ «ሂድ፣ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ቁም፤ ከሁሉ የሚፈጥነውንም ሰው የውጭ የኋላ ጎማውን ብቻ ተመልከት» አልሁት። አምስቱን ደቂቃ ከመቆሚያው ላይ ሆኜ አየሁት፤ በአጠገቡ የተገለበጠችውን መኪና ፈጥኖ እያነሣ ይመለስና፣ ጎንበስ ብሎ፣ መዳፉን በጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣ ያቺ መኪና በየዙሩ ስታልፍ በዐይኑ ይከተላት ነበር።