«ማሻአላህ!» ከማለታችን በፊት

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ሱቅ ነው። ደቡብ ወሎ ውስጥ በምትገኝ አነስተኛ ከተማ፣ ከመስጊዱ በር ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ግማሹ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ግማሹ መጽሐፍ የሆነ መደብር አለ። ባለቤቱ በወር አንድ ጊዜ፣ እሁድ ከዐስር ሰላት በኋላ እስከ መግሪብ፣ የንባብ ዝግጅት ያደርጋል። አግዳሚው ከቅሬ በውሰት የመጣ ነው፤ አግዳሚ ያጣ ሰው በመጽሐፍ ካርቶን ላይ ይቀመጣል። ሻይ ይቀርባል፤ መግቢያ አይከፈልም። ለወሩ የተመረጠ አንድ መጽሐፍ አለ፤ ስለ መጽሐፉ የሚናገር አንድ ሰው ይጋበዛል፤ ጥቂት ገጽ ይነበባል፤ ከዚያም ጥያቄና አስተያየት ይሆናል።

ወደ ትችቴ ከመግባቴ በፊት ለዚህ ሰው ሐቁን ልስጠው። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ሕግ ወጥቶ የቅድመ ምርመራ ሥርዓት ከመቅረቱ በፊት ስለ እስልምና በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። ዛሬ መጽሐፉ ሞልቷል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ተጭኖ እስከ እኛ ድረስ እንዲመጣ፣ መጥቶም አቧራ እስኪጠጣ የሚታገስ ነጋዴ ያስፈልጋል። ይህ ሰው እንደነገረኝ ቤቱን የሚያኖረው የደብተሩ ትርፍ ነው፤ መጽሐፉ ራሱን ከቻለ ይበቃዋል። መግዛት ያልቻለ ተማሪ መጽሐፍ ከመደርደሪያው አውርዶ ቆሞ ሲያነብ ዞር በል ሲል ሰምቼው አላውቅም። አላህ ምንዳውን ያብዛለት።

ይሁንና፣ ወንድምህን ስትወደው ጉድለቱን አትደብቀውም። ከአንድ ዓመት በላይ በዝግጅቱ ተገኝቻለሁ። ከሁሉ የከፋው ጉድለት መጽሐፉ ሳይነበብ መወደሱ ነው። ተናጋሪው አንድ ዓረፍተ ነገር በጨረሰ ቁጥር «ማሻአላህ!» ይባላል፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ተክቢር ይከተላል። መጽሐፉን ያነበበ ማን እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም። ሌላ ሰው እንዳላማ ከራሴ ልጀምር።

የዛሬ ስድስት ወር ገደማ እንድናገር ተጋበዝኩ። መጽሐፉ ስለ ሶሐቦች ሕይወት የተጻፈ፣ ወደ ሦስት መቶ ገጽ የሚደርስ ነበር። መቅድሙንና ሁለት ምዕራፍ አነበብኩ፤ የቀረውን በማውጫው አየሁት። ሃያ ደቂቃ ተናገርኩ፤ ተመሰገንኩ። ያን ጊዜ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነች አንዲት ልጅ ከመደርደሪያው ጀርባ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ኡስታዝ፣ መጀመሪያ ላይ እኚህ ሶሐባ ከሂጅራ በፊት ሰለሙ ይላል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ከሂጅራ በኋላ ይላል። የቱን እንያዝ?» አለችኝ። መጨረሻውን አላየሁትም። «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን ሰዓታችን ደርሷል» ብዬ አለፍኳት። ለመግሪብ ገና ሩብ ሰዓት ይቀረው ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ «አላውቅም» ማለት የዕውቀት ግማሽ ነው እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ያቺ ልጅ ከሁላችንም ይልቅ የሐሪማውን አደብ ይዛ ነበር የመጣችው፤ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አንብባዋለች። ያነበበችውን ሰው ፊት ማምጣቷ ምን ይጠቅማል ብላ እንድትጠይቅ ያደረግኋት ግን እኔ ነኝ።

አንዳንድ ሰዎች በመጽሐፍ ቤት ተሰብስቦ ማንበብ ከሌላ የመጣ አዲስ ፈሊጥ ይመስላቸዋል። አይደለም። በዓባሲዮች ዘመን ባግዳድ ውስጥ የወራቆች፣ ማለትም የመጽሐፍ ገልባጮችና ሻጮች፣ ገበያ ነበር፤ የታሪክና የጂኦግራፊ ጸሐፊው ያዕቁቢ ከመቶ በላይ ሱቆች እንደነበሩበት ጽፏል። በ255 ዓ.ሂ. የሞተው ታላቁ ጸሐፊ ጃሒዝ የወራቆችን ሱቅ እየተከራየ ሌሊቱን በንባብ ያሳልፍ እንደነበር ይነገራል። ይህን ያቆየልን ኢብኑ ነዲም ራሱ ወራቅ ሲሆን፣ የዘመኑን መጻሕፍት የዘረዘረበትን «ፊህሪስት»ን ያዘጋጀው በ377 ዓ.ሂ. (በ987 እ.ኤ.አ.) ነው። በመጽሐፍ ሱቅ ውስጥ ዕውቀት መፈለግ የራሳችን ቅርስ ነው ማለት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ «ሰማዕ» የሚባለው ሥርዓት ነው። በደማስቆና በሌሎች ከተሞች አንድ መጽሐፍ በመስጊድ፣ በመድረሳ ወይም በሰው ቤት፣ ፈቃድ ባለው ዓሊም ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ ነበር። ንባቡ ሲያልቅ የተሰብሳቢዎቹ ስም፣ ቀኑና ቦታው በዚያው መጽሐፍ ላይ ይጻፋል። ታላላቅ ዓሊሞች፣ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች፣ ሴቶችና ሕጻናትም ይመዘገባሉ፤ የሕጻናቱ ዕድሜ ሳይቀር ይጠቀሳል። ዘግይቶ የመጣ ሰው የቱ ክፍል እንዳመለጠው ይጻፍበታል። እንቅልፍ የወሰደው ወይም ሲያወራ የነበረ ሰው እንኳ እንዲሁ የተመዘገበበት ጊዜ አለ! እኔ በዚያ መዝገብ ብገባ ኖሮ ከስሜ ጎን ምን ይጻፍ ነበር? «መቅድሙንና ሁለት ምዕራፍ፤ የቀረውን አልሰማም።»

ሩቅ መሄድም አያስፈልገንም። የወሎ ደረሳ ለፊቅህ አንድ ሼኽ ዘንድ፣ ለነሕው ሌላ ሼኽ ዘንድ አገር አቋርጦ በእግሩ ሲሄድ ኖሯል። ኪታቡን ቃል በቃል ይቀራል፤ አንዱ መስመር ሳይገባው ወደ ሁለተኛው አይሻገርም፤ ማታ በኩራዝ የቀኑን ይደግማል። ታዲያ በዚህ ሥርዓት ያለፍን ሰዎች መደብሩ ውስጥ ስንገባ ምን ነካን? እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ አንድ ነው። ለዐረብኛው ኪታብ ውዱእ አድርገን የምንቀመጠውን ያህል፣ የአማርኛው መጽሐፍ በሻይ መሐል የሚያልቅ ይመስለናል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። እነ ሼኽ ጦልሃ ጃዕፈር በዐረብኛ ፊደል አማርኛ የጻፉት ሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ ዲኑን እንዲያውቅ ብለው ነው። ያ ሕዝብ ዛሬ አማርኛውን መጽሐፍ ገዝቶ ቤቱ ያስገባል፤ በውስጡ ያለውን እውነትም ስሕተትም አብሮ ያስገባል። ስለዚህ ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ መፈተሽ ያለበት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይወለዳል። ለወሩ ከተመረጡት መጻሕፍት መካከል የዋናው ደራሲ ስም በትልቁ ተጽፎ ተርጓሚው ማን እንደሆነ፣ ከየትኛው እትም እንደተረጎመ የማይገልጹ አሉ። ሐዲስ ጠቅሰው ከየት እንደወሰዱ የማይናገሩም አሉ። ስለ ኢስናድ ስንማር ያደግን ሰዎች እያለን «ይህ ከማን ተወሰደ?» የሚል ጥያቄ በዚያ ቤት አንድ ጊዜም አልሰማሁም።

ሦስተኛው የሴቶች ነገር ነው። ቦታቸው ከመደርደሪያው ጀርባ ስለሆነ ግማሹን አይሰሙም፤ ሊናገሩም ቢፈልጉ መጮህ አለባቸው። ሰዓቱም እናቶች ራት የሚያሰናዱበት ነው። ከዚያ በኋላ «ሴቶች ንባብ አይወዱም» እንላለን።

«ይህን ሁሉ ብንል ደራሲው ይቀየማል፤ ሰው ይቀራል፤ ሱቁም ይዘጋል» የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው ይገባኛል። ሆኖም እኔ ያን ሁሉ ውዳሴ ባዘነብኩበት ምሽት የተሸጠው ሁለት መጽሐፍ ብቻ መሆኑን ባለቤቱ ነግሮኛል። ሁሉን ነገር የተነገረው የመሰለው ሰው ለምን ይገዛል? በሚቀጥለው ወር መጽሐፉን ጨርሼ ሄድኩ፤ በሰው ፊትም ባለፈው እንዳላነበብኩት ተናገርኩ። የሚጋጩትን ሁለት ገጾች ጮክ ብለን አነበብን፤ አንድ ሽማግሌ ከቤታቸው የሲራ ኪታብ አስመጡ፤ ስናመሳክር አዛን አለ። ከሰላት በኋላ ከመንፈቁ በላይ የሚሆነው ሰው ተመልሶ መጣ። የመጀመሪያው ገጽ ትክክል፣ የመጨረሻው ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ባለቤቱ በቀሩት ቅጂዎች ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ፤ ለአሳታሚውም ሊጽፍ ቃል ገባ። የጠየቀችው ልጅ ግን በዚያን ቀን አልመጣችም። እስካሁንም አላየኋትም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከባድ ነገር አልጠይቅም። አንድ መጽሐፍ በአንድ ምሽት ከሚያልፍ ሦስት ወር ይሰጠውና ምዕራፍ በምዕራፍ ይነበብ። ተናጋሪው ያነበበውን ያህል በመጀመሪያ ይናገር። በመደብሩ አንድ ደብተር ይቀመጥና ማን እስከ የትኛው ገጽ እንዳነበበ፣ ምን ጥያቄ እንደቀረ ይጻፍበት። ለሴቶች ከፊት በአንድ ወገን ቦታ ይሰጣቸው፤ ሰዓቱም እነሱ ተጠይቀው ይወሰን። አቅም ያለን ሰዎች ደግሞ አዋጥተን ለተማሪዎች የሚዋስ ሁለትና ሦስት ቅጂ እንግዛ። ባለቤቱ ሻዩን ችሎ መጽሐፉንም ይቻል ማለት ግፍ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በእናንተም ከተማ እንዲህ ያለ ሱቅ ይኖር ይሆናል። በሒራ ዋሻ በመጀመሪያ የወረደው ትእዛዝ ማንበብን እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን፤ በየመድረኩም እንናገረዋለን። በሚቀጥለው እሁድ «ማሻአላህ» ለማለት አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት መጽሐፉን ክፈቱት። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ጥያቄ ካነሳች ደግሞ ሰዓት አለና አድምጧት።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን፣ ያወቅነውንም የምንሠራበት ልቦና ይስጠን። ወላሁ አዕለም።