በገበታ ላይ የተፈጠረ ሀገር ሚዛን

ጥቂት ወዳጆች በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው፥ እያንዳንዳቸው የአንድ ልብ ወለድ ሰው ሕይወት ተረክበው፥ አንዱ ተራኪና ዳኛ ሌሎቹ ተናጋሪና ወሳኝ ሆነው በቃል ብቻ የሚያቆሙትን ሀገር፥ መልካሙን ከመናኛው ለመለየት የሚሻ አንባቢ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የዘንዶዎቹን ብዛት ወይም የነገሥታቱን የትውልድ ሐረግ አይደለም፤ የዚያ ሀገር ሕዝብ ውሃውን ከወዴት እንደሚቀዳ፥ ጨውና እህሉን በማን ጀርባ እንደሚያስጭን፥ ለመንገዱም ለማን ቀረጥ እንደሚከፍል ነው እንጂ። ይህ ጥያቄ ቢጠየቅና መጽሐፉ መልስ ቢያጣ፥ ሥዕሉ ምንም ያህል ቢያምር፥ ጽሕፈቱም ምንም ያህል ቢራቀቅ፥ በእኔ ፍርድ ሥራው ገና አልተጀመረም።

ጨዋታው በዛሬው መልኩ የታወቀው በ1974 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ በዚያ ዓመት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን የሕግ መጽሐፍ አሳተሙ። ነገር ግን አርነሰን ከዚያ ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ብላክሙር ብሎ በሰየመው በራሱ ግዛት ወዳጆቹን ያጫውት ነበርና፥ ሀገሩ ከሕጉ መጽሐፍ በፊት ተወልዶ ነበር ማለት ይቻላል። ባለ ሃያ ገጹ ዳይስ ሲወረወር የሚታወቀው የሰይፉ መምታትና መሳት ነው፤ ሰይፉ በማን ላይና ስለ ምን እንደተመዘዘ፥ ከተመዘዘም በኋላ ማን ደም እንደሚፈልግ የሚያስረዳው ግን ሀገሩ ነው፤ ስለዚህም ሀገሩን የመመዘን ጥበብ ከሕጉ ጥናት ሊያንስ አይገባውም።

ይህን የምጽፈው ከጅቡቲ ከተማ፥ ከካርቲየ 2 ነው። በቁጥር ከተሰየሙት ከቀደሙት ሰፈሮች አንዱ የሆነው ይህ ሰፈር፥ በ1906 ከተሠራው ከሐሙዲ መስጊድ ብዙ ሳይርቅ፥ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎቹን በሳንቃና በቆርቆሮ ቤቶች ከድኖ ተቀምጧል፤ ሱማልኛው፥ አፋርኛው፥ ዐረብኛውና አማርኛው በአንድ ደጃፍ ይሰማል፤ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት በቀትር ሲደርስ የከተማው ሥራ ይላላል፤ በክረምቱ ወራት ደግሞ የበረሃው ነፋስ ሲነሣ ሰው ሁሉ እስከ ምሽት ድረስ ጥላ ውስጥ ይሸሸጋል። እንዲህ ባለ ስፍራ የሚኖር ሰው ስለ ተፈጠሩ ሀገሮች ለመፍረድ ልዩ ብቃት አለው ብዬ አምናለሁ፤ የሚኖርበት ከተማ በምን ምክንያት እንደተቆረቆረ፥ ያ ምክንያት ቢቀር ምን እንደሚሆን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃልና።

ምክንያት የምለውን በታሪክ ላስረዳ። ፈረንሳዮች አስቀድመው በኦቦክ ሰፍረው ሳሉ፥ መርከብ የሚያርፍበት የተሻለ ወደብና ወደ ሐረር ለሚወጣው የቅፍለት መንገድ የቀረበ ስፍራ ፈልገው በ1888 ወደ ጅቡቲ ተሻገሩ፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ደጋው ሲወጣ ሐረር በተራራ ላይ ስለ ሆነች ሊደርስባት ሳይችል ቀርቶ በግርጌዋ ባለው ሜዳ አለፈ፥ በዚያም በ1902 ድሬ ዳዋ የምትባል አዲስ ከተማ ተወለደች፤ ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የጥንቷ ወደብ ዘይላ የሐረርን ንግድ ለጅቡቲ ለቅቃ ከስማ ነበር። እንግዲህ አንድ የተራራ ዳገት አንዲት ከተማን እንደወለደ፥ አንድ የወደብ ጥልቀት ሌላዋን እንዳከሰመ አስተውሉ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ አስማት የለም፥ ነገር ግን ከዚህ የሚመነጨው ቂም፥ ጋብቻ፥ ዕዳና ስደት ለመቶ ሌሊት ጨዋታ ይበቃል። የተዋጣለት የሀገር ፈጣሪ በካርታው ላይ ያስቀመጣትን እያንዳንዷን ከተማ እንዲህ ሊተርክልን ይገባዋል፤ ከተማይቱ በወንዙ ዳር የተሳለችው ለሥዕሉ ውበት ብቻ እንደ ሆነ ተጫዋቾች በመጀመሪያው ምሽት ይነቁበታል።

በዚህ ሚዛን ስመዝነው ኪት ቤከር የፈጠረውና በ2004 የታተመው ኤበሮን ከፍ ያለ ዋጋ ያገኛል። በዚያ ሀገር በመብረቅ ኃይል የሚሄድ ባቡር አለ፤ ባቡሩ ግን እንዲያስደንቅ ብቻ የገባ ጌጥ አይደለም፤ ባለቤት የሆነ የነጋዴ ቤት አለው፥ ታላቁ ጦርነት መካከለኛውን መንግሥት ባጠፋ ጊዜም መስመሩ ተበጥሶ ምሥራቅና ምዕራብ ተለያይተዋል። በ1977 በኦጋዴን ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው የጅቡቲና የአዲስ አበባ ባቡር በተቋረጠ ጊዜ፥ ዕቃው ወደብ ላይ ቀርቶ፥ ዘመድም ከዘመድ ተለያይቶ እንደነበረ ከታላላቆቻቸው የሰሙ የዚህ ሰፈር ልጆች፥ ያንን የመጽሐፉን ምዕራፍ ማንም ሳያብራራላቸው ይረዱታል።

ስለ ሙቀትና ስለ ጥማትም እንዲሁ መመርመር ይገባል። በ1991 የወጣው ዳርክ ሰን፥ ብረት ብርቅ የሆነበትን፥ ውሃ እንደ ወርቅ የሚጠበቅበትን፥ አስማተኛ ኃይሉን ከዕፀዋት ሕይወት እየመጠጠ ምድሩን አመድ የሚያደርግበትን በረሃ ያሳያል፤ በጎነቱም የበረሃውን መከራ በቅጽል ብዛት ሳይሆን በሕግ መግለጹ ነው፥ ውሃ ያላገኘ ተጫዋች በእርግጥ ይደክማልና። እኔ ግን በእርሱ ላይ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ከዚህ ከተማ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ወርዶ፥ ጨውነቱም የባሕርን ዐሥር እጥፍ ያህል ሆኖ ሳለ፥ ለሰው ሞት ብቻ አልሆነም፤ አፋሮች ጨዉን እየቆረጡ በግመል ወደ ደጋ ያወጡት ነበር፤ በረሃው ለደጋው የሚሰጠው ነበረው። ጨካኝ ምድርን መሳል ቀላል ነው፤ ያ ጨካኝ ምድር ማንን እንደሚያበላና ሰው ለምን ትቶት እንደማይሄድ መግለጥ ግን የሊቅ ሥራ ነው፤ ብዙ የበረሃ ዓለማት የሚወድቁትም በዚህ ፈተና ላይ ነው።

ምክንያቱ ሁሉ ተሟልቶ ለተጫዋች የሚተርፍ ስፍራ የጠፋበት ሥራም አለ፤ ይህ ደግሞ የሊቃውንት ሕመም ነው። የእንቆቅልሽ ጨዋታችን እዚህ ላይ መልካም አስተማሪ ነው፤ ተጠያቂው ሲረታ ጠያቂው «ሀገር ስጠኝ» ይለዋል፥ የተረታውም ጎጃምን ወይም ጎንደርን ሲሰጠው ተቀባዩ በዚያ ሀገር ጌታ ሆኖ የልቡን ይናገራል። በገበታው ላይም ሀገሩን የጻፈው ሰው ሀገሩን መስጠት አለበት፤ እያንዳንዱ ዙፋን ባለቤት ካለው፥ እያንዳንዱ ምሥጢር በመጨረሻው ምዕራፍ ከተፈታ፥ ታላላቆቹ ጦርነቶችም ከጀግኖቹ መወለድ አስቀድሞ ካለቁ፥ ተጫዋቹ በሌላ ሰው ድል አድራጊነት ውስጥ የሚዘዋወር ጎብኚ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህም ማንኛውንም መጽሐፍ ስመረምር፥ ያልተፈታ ክርክር፥ ሁለት ወራሽ ያለው ግዛት፥ ስለ አንድ ነገር ሁለት ካህናት ለየብቻ የሚናገሩት ቃል እፈልጋለሁ፤ ካገኘሁ ደራሲው ለጋስ ነው።

ከሁሉ የበለጠ የምወደው ግን ሕግና ወገን ያለው ሀገር ነው። ግሬግ ስታፎርድ ከ1966 ጀምሮ የደረሰው፥ በ1978 በወጣው «ሩንክዌስት» በተባለው ጨዋታ የታወቀው ግሎራንታ፥ ሰውን ብቻውን አያቆመውም፤ ተጫዋቹ ገና ሲወለድ ጎሣ አለው፥ የሚያመልከው አምላክ አለው፥ ለአምላኩም የሚጠብቀው በዓልና የሚከፍለው ዐሥራት አለው፤ ስለዚህም የሚሠራው ሁሉ ተመልሶ ወገኑን ይነካል። እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ዩኔስኮ በ2024 በኢትዮጵያ፥ በጅቡቲና በሱማልያ ስም የመዘገበው የኢሳዎች ያልተጻፈ ሕግ፥ ሔር ኢሴ፥ ደም ያፈሰሰ ሰው ብቻውን እንዲከፍል አያደርግም፤ ወገኑ ሁሉ ግመል አዋጥቶ ይክሳል። አንድ ተጫዋች በቍጣ ሰይፉን ሲመዝ አጎቶቹ በማግስቱ ግመላቸውን እየቈጠሩ ወደ እርሱ የሚመጡበት ገበታ ምን ያህል እንደሚከብር አስቡት! የደጋው ሰው የበላ ልበልሃ ሙግትም እንዲሁ በቃል፥ በቅኔና በዋስ የሚካሄድ ጦርነት ስለ ነበረ፥ ክርክርን በአንድ የዳይስ ውርወራ የሚዘጋ የሕግ መጽሐፍ ለእንዲህ ያለ ሀገር አይመጥንም፤ ነገሩን ለተጫዋቾቹ አንደበት ሊተወው ይገባል።

አስማትንና አውሬን በተመለከተ አጭር እናገራለሁ፤ ብዙ አንባቢ በዚህ ይማረካል፥ ብዙ ደራሲም በዚህ ይሰንፋል። ፕሊኒ የተባለው ሮማዊ በአባይ ምንጭ አጠገብ፥ በኢትዮጵያ፥ ራሱ ከብዶት ወደ ምድር የሚያቀረቅር፥ ዐይኑን ያየ ሰው የሚሞትበት ካቶብሌፓስ የሚባል አውሬ አለ ብሎ ጻፈ፤ አውሬው በ1977 በታተመው የጨዋታው የአውሬዎች መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ የየትኛውም ረግረግ ነዋሪ ሆነ፥ ሀገሩንም ዘመዱንም አጣ። ከዚህ ጋር የዛርን ነገር አስተያዩ፤ ሔዋን 30 ልጆች ወልዳ፥ እግዚአብሔር ሊያያቸው በመጣ ጊዜ ፈርታ ከሁሉ ያማሩትን 15ቱን ደበቀቻቸው፥ እነርሱም ተሰውረው ቀሩ ይባላል። ስለዚህ ዛር የሰው ወንድም ነው፤ ቅናቱ፥ ልመናውና ሰውን አልለቅም ማለቱ ከዚህ ዝምድና ይመነጫል፥ ከእርሱም ጋር መዋጋት ሳይሆን መደራደር ይቻላል። ክታብ የሚጽፍ ደብተራም ኃይሉን ከትምህርቱ አግኝቶ፥ ያው ያስተማረችው ቤተ ክርስቲያን የምትከለክለውን ሥራ በሥውር ሲሠራ፥ ዕውቀቱና ፍርሃቱ አብረው ይኖራሉ። ከማን ጋር እንደሚዛመድና ምን እንደሚያስከፍል ያልተነገረለት ተአምር፥ ቢበዛም አይጠቅምም።

ሀገራችንም ራሷ ለብዙ ዘመን የሌሎች ልብ ወለድ ሆና ኖራለች። በ1165 ገደማ በአውሮፓ የተሰራጨው፥ ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ ጻፈው የተባለው የሐሰት ደብዳቤ፥ በመንግሥቱ ድኻ የለም፥ ሌባ የለም፥ ወንዙም ዕንቍ ያፈልቃል ይላል፤ ኋላም ያ ንጉሥ በኢትዮጵያ ይገኛል ተባለ። እንደ ሀገር ፈጠራ ሲመዘን ደካማ ነው፤ ምንም በማይጎድልበት ምድር ማን ከቤቱ ወጥቶ ይጓዛል? ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ያሳተመው «ራሰላስ» ግን፥ ደራሲው ኢትዮጵያን በዐይኑ ሳያያት፥ ሎቦ የተባለ ተጓዥ ከጻፈው የጉዞ መጽሐፍ ባገኘው ዕውቀት የነገሥታት ልጆች በአምባ ተዘግተው የሚኖሩበትን ሥርዓት ወሰደ፥ በግሸን አምባ የነበረውንም እውነተኛ ፍርሃት፥ ማለት ወራሾች እንዳያምፁ ማገድን፥ ለልብ ወለዱ መሠረት አደረገ፤ ሸለቆውን እንደ ገነት ቢያሳምረውም ከዚያ መውጣት የሚፈልግ ሰው አስቀመጠበት። በ2002 የወጣው «ኒያምቤ» ደግሞ አፍሪካን ለገበታ ጨዋታ ያበቃ በጎ ጥረት ሲሆን፥ የአንድ አህጉርን ሕዝቦች በአንድ መጽሐፍ ለማስተናገድ ስለ ተነሣ እያንዳንዱ ሕዝብ ጥቂት ገጽ ብቻ ይደርሰዋል፤ እኔ ከአህጉሩ ይልቅ አንድ መንገድ፥ ዳር እስከ ዳር ቢጻፍ እመርጣለሁ።

ያ መንገድ ከእኛ ወደብ ማዶ፥ ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ሸዋ የሚወጣው ሊሆን ይችላል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1885 መጨረሻ የጦር መሣሪያ ለምኒልክ ሊሸጥ ታጁራ ደርሶ፥ ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፥ ሸሪኩ ላባቱ ሞተበት፤ በጥቅምት 1886 ተነሥቶ በየካቲት 1887 አንኮበር ሲገባ ንጉሡ እንጦጦ ነበሩ፤ በመጨረሻም የሟቹ ሸሪክ ዕዳ ከዋጋው ላይ ተቀነሰበት፥ የቀረውም ሐረር ላይ እንዲከፈለው ታዘዘ። ይህን የሚጽፍ ደራሲ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከውሃ እስከ ውሃ ያለውን የቀን መንገድ ይዘርዝር፥ ቀጥሎ ግመሉ የማን እንደ ሆነና ሱልጣኑ ከመዘግየቱ ምን እንደሚያተርፍ ይንገረን፥ አንኮበርን ግን ለተጫዋቾቹ ይተውላት። ጨዋታውንም እኔ ብሆን የማስጀምረው ግመሎቹ ተጭነው ፈቃዱ ባልመጣበት ጧት ነው፤ ያን ጊዜ ተጫዋቾቹ ሱልጣኑን፥ የፈረንሳዩን ሹምና የግመል ባለቤቶቹን በየተራ ደጅ መጥናት አለባቸው፥ ለአንዱ የገቡት ቃልም ለሌላው የሚሰወር አይደለም።